ኢኬባና ልትማሩ ነው? መጀመሪያ ባልዲውን እዩ

ይህ ግምገማ በምሥራቅ ቶኪዮ አንዲት አስተማሪ ቤታቸው ውስጥ ስለሚሰጡት የኢኬባና፣ ማለትም የጃፓን አበባ የመደርደር ጥበብ፣ ክፍል ነው። ቤቱ የሚኖሩበት ስለሆነ ስማቸውንም አድራሻቸውንም አልጽፍም። ታዲያ ስም ካልጠራሽ ምን ይጠቅመናል ትሉ ይሆናል። እንዲህ ዓይነት የሰፈር ክፍል ጃፓን ውስጥ በየከተማው ሞልቷል፤ አንዳንዱ ወርቅ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ገንዘባችሁንም ቅዳሜያችሁንም የሚበላ ነው። እዚህ አገር የምትኖሩም ሆነ ለሥራና ለትምህርት የምትመጡ፣ ጥሩውን ክፍል በምን እንደምትለዩት በዚህኛው እያሳየሁ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ፍርዴን ካሁኑ ላስቀምጥ፦ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች ታገኛላችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰው ኢኬባና ሊማር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው “የትኛው ቤት ይሻላል?” ብሎ ነው። ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አገር የዋሸራ ቅኔ፣ የጎንጅ ቅኔ፣ የዋድላ ቅኔ እንደሚባለው፣ እዚህም እያንዳንዱ የኢኬባና ቤት የራሱ መንገድ፣ የራሱ ዋና መምህር፣ የራሱ የደረጃ ወረቀት አለው። ስማቸው የገነነው ሦስቱ ናቸው። አንጋፋው ኢኬኖቦ ነው። መሠረቱ ኪዮቶ ያለው ሮካኩዶ የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሲሆን፣ ሴንኬይ የሚባል የኢኬኖቦ መነኩሴ አበባ ደርድሮ የከተማውን ሰው ለእይታ እንዳጋፋ የሚናገር ማስታወሻ እ.ኤ.አ. ከ1462 ይገኛል። ሁለተኛው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኦሃራ ኡንሺን የጀመረው ኦሃራ ነው። ያኔ ከምዕራቡ ዓለም አጫጭር አበቦች ወደ ጃፓን እየገቡ ስለነበር፣ እነሱን በዝርግ ሳህን ላይ የሚያቆም ሞሪባና የሚባል አሠራር ይዞ መጣ። ሦስተኛው ሶጌትሱ ነው። ሶፉ ቴሺጋሃራ እ.ኤ.አ. በ1927 አቋቋመው፤ ማንም ሰው፣ መቼም፣ የትም፣ በማንኛውም ነገር ኢኬባና መሥራት ይችላል የሚል ሐሳብ ነው የያዘው። ዛሬ የሚመሩት የሶፉ የልጅ ልጅ አካኔ ቴሺጋሃራ ናቸው። ቶኪዮ ውስጥ አካሳካ ያለውን የሶጌትሱ ሕንፃ ኬንዞ ታንጌ ነው የነደፈው። መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ኢሳሙ ኖጉቺ የሠራው የድንጋይ አትክልት ቦታ አለ፤ ኢኬባና ባትማሩ እንኳ እሱን ሄዳችሁ እዩት።

የእኔ አስተማሪ የሶጌትሱ ናቸው። ግን እዚህ ክፍል ያቆየኝ የቤቱ ስም አይደለም። በሩ ላይ ያለው ባልዲ ነው።

ስትገቡ፣ ጫማ ከምታወልቁበት ፊት ለፊት፣ ባልዲዎች በጋዜጣ ላይ ተደርድረዋል። የዕለቱ ትምህርት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ከሆነ የኡሜ (የጃፓን ፕሪም ዛፍ) ቅርንጫፍ ታያላችሁ፤ ግራጫ ሽበት ያወጣ፣ እዚህም እዚያም ሮዝ እምቡጥ የቋጠረ። አጠገቡ የጎመን ዘር አበባ፣ ያ የምናውቀው ቢጫ። ጥግ ላይ ደግሞ ጫፉ ላይ ብርማ ጸጉር ያበቀለ አኻያ። ከዚያ ወር ውጭ ብትመጡ ይህ አንዱም የለም። ማርች መጀመሪያ ላይ የሴት ልጆች በዓል ስለሆነ የኮክ ቅርንጫፍ ይመጣል። ኤፕሪል ቼሪ፣ ሜይና ጁን አይሪስ፣ ጁን ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ሃይድራንጃ፣ ሴፕቴምበር ጨረቃ ሲታይ ሱሱኪ የሚባለው ረጅም ሣር፣ ኖቬምበር ቅጠሉ የቀላ ሜፕል፣ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ጥድና ቀይ ፍሬ ያለው ናንዲና። ከአበባ ቤት የሚታዘዝ አለ፣ ግን ብዙው ከአስተማሪዋ ጓሮና ከጎረቤት አጥር የተቆረጠ ነው። የጎረቤት ሽማግሌ ዛፍ ሲገርዙ የተቆረጠውን ከመጣላቸው በፊት እዚህ ቤት ይደውላሉ።

ከዚህ በፊት ለጎብኚ በተዘጋጀ ሌላ ክፍል ገብቼ ነበር፣ ስሙ ይቅር። አዳራሹ ያምራል፣ አስተናጋጆቹ ትሑት ናቸው፣ ሻይ አለ። ግን የተሰጠን ጀርበራ፣ ጽጌረዳና የባህር ዛፍ ቅጠል ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ፎቶዎች ላይ ያሉትም እነዚያው ናቸው፦ በበጋም በክረምትም ጀርበራ፣ ጽጌረዳና ባህር ዛፍ። ፎቶው ቆንጆ ይወጣል፤ አንድ ከሰዓት ለማሳለፍ ብቻ ከሆነ የመጣችሁት ይበቃችኋል። ለመማር ከሆነ ግን አይበቃም። ከአበባ እርሻ የሚመጣ ጀርበራ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ አገዳው ቀጥ ያለ፣ ራሱ ክብ፤ ምንም የሚጠይቃችሁ ነገር የለም። የኡሜ ቅርንጫፍ ግን ሁለት አንድ ዓይነት አታገኙም። አንዱ ወደ ግራ ጎብጧል፣ አንዱ መሃል ላይ ተሰብሮ ድኗል፣ እና ዛሬ የተሰጣችሁን ይዛችሁ መፍትሔ መፈለግ የእናንተ ፋንታ ነው። ትምህርቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ የሙከራ ክፍል ስትጠይቁ ስለ ምስክር ወረቀቱና ስለ ቤቱ ታሪክ ከመጠየቃችሁ በፊት “ባለፈው ወር በምን ሠራችሁ? በሚቀጥለው ወርስ?” በሉ። መልሱ አንድ ዓይነት ከሆነ ውጡ።

አሁን ክፍሉ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ጠረጴዛና ወንበር ነው፤ መሬት ላይ ተንበርክኮ መቀመጥ የለም፣ ጉልበታችሁ አይፍራ። ሰንሰይ (አስተማሪን የምንጠራው እንደዚህ ነው) ባልዲው ውስጥ ካለው ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ እቅፍ ያወጣሉ። ከዚያ ትሠራላችሁ። እሳቸው በዚህ ጊዜ አይናገሩም። ስትጨርሱ መጥተው እናንተ በተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ቆመው አያርሙም፣ እናንተ ያያችሁትን ከእናንተ ቁመት ማየት አለባቸው። ካረሙ በኋላ ፎቶ ታነሳላችሁ ወይም ደብተር ላይ ትስላላችሁ፣ ከዚያ ሁሉንም ነቅላችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ ቤት ትወስዳላችሁ። ቤት ደርሳችሁ በዚያው ቀን እንደገና መደርደር አለባችሁ። ይህችን የቤት ሥራ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። እኔ የምለው፣ እጅ የሚፈታው እዚያ ነው፤ የሰንሰይ እጅ በሌለበት፣ ሳህኑ ሌላ በሆነበት፣ ግድግዳው በተለየበት።

ጀማሪ የሚነሳው ከልኬት ነው። በሶጌትሱ የመጀመሪያው አሠራር ሦስት ዋና ዘንጎች አሉ፦ ሺን፣ ሶኤ እና ሂካኤ። ሺን ረጅሙ ነው። ርዝመቱ የሚወሰነው በዕቃው ነው፤ የሳህኑን ስፋትና ከፍታ ደምራችሁ በአንድ ተኩል ታባዛላችሁ። የምንሠራበት ሳህን 30 ሳንቲ ስፋት፣ 7 ሳንቲ ከፍታ ቢኖረው ድምሩ 37 ነው፣ ሺን ወደ 56 ሳንቲ ይመጣል። ሶኤ የሺን ሦስት አራተኛ ነው፣ ወደ 42። ሂካኤ የሶኤ ሦስት አራተኛ፣ ከ31 ትንሽ ከፍ ይላል። ማዘንበያም አላቸው፦ ሺን ከቀጥታው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፣ ሶኤ 45፣ ሂካኤ 75። ሦስቱም ወደ ፊት፣ ወደሚያየው ሰው ነው የሚያዘነብሉት፤ ስለዚህ ሥራው ከፊት ሲያዩት ጠፍጣፋ አይደለም፣ ጥልቀት አለው። የቀረውን ክፍተት በአጫጭር ዘንጎች ትሞላላችሁ፤ እነሱም ከሥር ያለውን፣ ዘንጎቹ የሚተከሉበትን መሰኪያ ይሸፍናሉ።

ይህን ሲሰሙ “ሂሳብ ነው እንዴ?” የሚሉ አሉ። እኔ ልኬቱን ወድጄዋለሁ። ለጀማሪ የሚያስጨንቀው “ምን ያህል ልቁረጥ?” የሚለው ነው፤ እዚህ መልስ አለው። ከሥራችሁ ጋር የምትጣሉት ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ነው፣ ቅርንጫፉ 45 ዲግሪ አልሆንም ሲል።

የኡሜዋን ቀን ላንሳ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ስለሚታይ። ቅርንጫፌ እጅብ ያለ ነበር፤ ዋናው ዘንግ፣ ከሱ የወጡ ጎባጣ ቅርንጫፎች፣ ከእነሱ የወጡ ቀጫጭን ጭራሮዎች፣ ሁሉም ላይ እምቡጥ። ማን ጨክኖ ይቆርጣል? ሰንሰይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ቅርንጫፉን ከመሰኪያው ነቅለው በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው አዞሩት። ቅርንጫፍ ፊትና ጀርባ አለው፤ ፀሐይ ያገኘው ጎን ፊቱ ነው፣ እምቡጡም ቀለሙም እዚያ ይበዛል። ፊቱን ካገኙ በኋላ መቀሱን አነሱ። ወደ ውስጥ የዞረችውን ጭራሮ፣ ከሌላዋ ጋር የተጣመረችውን፣ ከፊት ቀጥ ብላ ወደ ዓይን የምትመጣዋን፣ አንድ በአንድ ቀጭ ቀጭ። ጋዜጣው ላይ የወደቀው ዕቃው ላይ ከቀረው በለጠ። ከዚያ ባለፈው ዓመት የበቀለ ቀጥ ያለ ለጋ ዘንግ ከባልዲ አመጡና ከጎባጣው አጠገብ ሰኩት። አሮጌውና ወጣቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ የኡሜ ዛፍን እንዳለ አየሁት፤ እዚያች ጠረጴዛ ላይ፣ ከሁለት ዘንግ። “አሁን አየር ይገባዋል” ብቻ ነው ያሉት።

ከዚያ ወዲህ ኢኬባና የሚቀነስበት ሙያ እንደሆነ በደንብ ገብቶኛል። ያልፈነዳ እምቡጥ ይመረጣል፤ ነገ የሚሆነውን ያሳያል። ባዶው ቦታ የሥራው አካል ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት፣ ቶኪዮ እንደ እንፋሎት ቤት በምትሆንበት ጊዜ፣ ሳህኑን ከግማሽ በላይ ባዶ እንድንተው ይነገረናል፣ ውሃው እንዲታይና የሚያየው ሰው እንዲቀዘቅዝ። በብርዱ ወራት ደግሞ ውሃው ብዙ ባይታይ ይሻላል። ይሄ ከወቅቱ ጋር የሚሄድ አስተሳሰብ አበባው ላይ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ላይም ውሃው ላይም አለ።

የጁን ክፍል ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ነው። የምኖርበት ካትሱሺካ ሐበሻ የሚበዛበት የቶኪዮ ወረዳ ነው፣ እና እዚያው ሆሪኪሪ የሚባል ከኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) ጀምሮ በአይሪስ የታወቀ የአትክልት ስፍራ አለ። ከክፍሉ በፊት ሄዳችሁ አይሪሱ መሬት ላይ እንዴት እንደሚቆም እዩ፤ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጫፉ ላይ በትንሹ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ክፍል ውስጥ ደግሞ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ትነጥሏቸዋላችሁ፣ ከዚያ የጫፋቸውን አቅጣጫ እያያችሁ እንደገና ታጋጥሟቸዋላችሁ። ቅጠሉ እርጥብ ስለሆነ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ያለ ክር ያለ ሽቦ ይቆማል። ጣታችሁ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ይቀራል። ሥራው ረጅም ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሲያልቅ ግን ማንም የነካው አይመስልም። ያችን ችሎታ ለማግኘት የመጣችሁ ከሆነ ጁንን አታሳልፉ።

ቅርንጫፍ ማጉበጥም የሚማሩት እዚህ ነው። አኻያን በሁለት እጅ ይዛችሁ፣ አውራ ጣቶቻችሁን አገናኝታችሁ፣ በእጃችሁ ሙቀት እያለሳለሳችሁ ቀስ በቀስ ታጎብጡታላችሁ። አኻያ እሺ ይላል። ኡሜ እሺ አይልም፣ ከቸኮላችሁ ቀጭ ይላል። አበባውን ለማቆየትም እያንዳንዱ የራሱ ዘዴ አለው። አብዛኛው ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ነው የሚቆረጠው፣ አየር እንዳይገባበት። ክሪሳንቲመም በመቀስ ሳይሆን በእጅ ይሰበራል፣ እንደሱ ሲሆን ውሃ በደንብ ይጠጣል። ሃይድራንጃ ውሃ መሳብ ስለሚያስቸግረው አገዳው ውስጥ ያለው ነጭ ስፖንጅ ተፍቆ ይወጣና ጫፉ ላይ ሸብ ይታሻል። እነዚህን ያለ አስተማሪ ከቪዲዮ ልትለቅሙ ትችላላችሁ፤ አበባው በእጃችሁ እያለ “አሁን ይሄን አድርጊ” ሲባል ግን አይረሳም።

ወደ ዕቃው ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ሦስት ነገር ይበቃችኋል፦ ኬንዛን፣ መቀስ፣ ዝርግ ሳህን።

ኬንዛን ማለት ከታች ከባድ የእርሳስ ብረት የሆነ፣ ከላይ የናስ መርፌዎች በብዛት የተተከሉበት መሰኪያ ነው። በመቶ የን ሱቅ ትንንሽ ይገኛል፣ ለአንድ ሁለት አበባ ይሠራል፤ ለቅርንጫፍ ግን አይሆንም፣ ይገለበጣል። ክብደት ላይ አትሰስቱ። ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት፣ መርፌዎቹ እጅብ ያሉ መሆናቸውን እዩ፣ ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ ይኑረው፣ ካልሆነ ሳህናችሁን ይፍቀዋል። እኔ 8 ሳንቲ የሚሆን ክብ ገዝቼ 2,500 የን ገደማ ከፈልኩ፣ አሁንም አዲስ ይመስላል። መርፌው ሲጎብጥ የሚያቃና ትንሽ የብረት ቱቦ አለ፣ እሱንም አብራችሁ ውሰዱ። አሰካኩም ዘዴ አለው፤ ቅርንጫፍ ጫፉ በሰያፍ ተቆርጦ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይሰካል፣ ከዚያ ወደሚፈለገው ይዘነበላል። ከመነሻው አጋድማችሁ ለመሰካት ብትታገሉ አይያዝም። ወፍራም ከሆነ ጫፉን በመስቀል ቅርጽ ሰንጥቁት። እጅግ ቀጭን አገዳ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወፍራም አገዳ ቁራጭ ውስጥ ከትታችሁ ሰኩት።

መቀሱ እጀታው ትልልቅ ነው፣ ስለቱ አጭርና ወፍራም። የቤት መቀስ እንዳታመጡ፤ አንድ የጥድ ቅርንጫፍ ብቻ ይበቃዋል። ኦሳካ አጠገብ ያለችው ሳካይ በስለት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት፣ የእሷን ሥራ ካገኛችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ። ክፍሉ ውስጥ የሚያበድሩት መቀስ አለ፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት በውሰት ልትሠሩ ትችላላችሁ። ሳህኑን በተመለከተ ጥቁር ወይም ደብዛዛ ቀለም ያለው ይሻላል። ነጭና አብረቅራቂ ከሆነ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሳህኑ ነው።

ስለ ጽጌረዳ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ይቆጨኛል። ጃፓን ጽጌረዳ ከኬንያ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኮሎምቢያና ከኢኳዶር ታስገባለች። አንድ ቀን ባልዲው ውስጥ ቀይ ጽጌረዳ ነበር፣ አገዳው ረጅም፣ ራሱ ትልቅ። የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ አገሬ ተጽፏል። ሰንሰይ ሆን ብለው ያመጡት ለእኔ ነው። ትምህርቱ ግን ቀላል አልነበረም። እንዲህ ያለ ጽጌረዳ ዓመቱን ሙሉ ስለሚመጣ ወቅት የለውም፤ ወቅት የሚሰጠው አብሮት የሚቆመው ነው። ሰንሰይ ፌብሩዋሪ ነበርና ቅጠል የሌለው ደረቅ ቅርንጫፍ ሰጡኝ፣ ጽጌረዳው አንድ ብቻ፣ አገዳው አጭር፣ ዝቅ ብሎ። ያ ሁሉ ርዝመት ተቆርጦ ሲወድቅ ልቤ ደነገጠ፤ ዝዋይ ወይም ሆለታ ያለች እህት ስንት ደክማ ነው ያን አገዳ ያስረዘመችው። ግን ሲያልቅ ብርዱ መሃል አንድ ቀይ ነጥብ ሆኖ ተቀመጠ፣ ከአሥራ ሁለት ጽጌረዳ እቅፍ የበለጠ ጎላ ብሎ ይታያል። የአገሬ አበባ እንዲህ ተከብሮ አይቼ አላውቅም።

እሺ፣ የቀነስኳት ግማሽ ነጥብ። አንደኛ፣ ብትቀሩም የአበባውን ዋጋ ትከፍላላችሁ። አበባው በሰው ቁጥር ስለሚታዘዝ ይገባኛል፣ ግን ሕፃን ልጅ ያላት ሰው ልጅዋ ጠዋት ሲያተኩሰው መክፈሏ ይከብዳል፤ ቢያንስ አበባውን ሰው እንዲያደርስላት ቢፈቀድ ጥሩ ነበር። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ያለው ክፍል ትንሽ ነው። የሥራ ቀን ባዶ ወንበር አለ፣ ቅዳሜ ግን ክርን ለክርን ነው፣ እና ረጅም ቅርንጫፍ ይዞ መዞር ጎረቤትን ዓይን ማውጣት ነው። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ ጀማሪን ሲያርሙ ለምን እንደሆነ አያስረዱም። ነቅለው፣ ቆርጠው፣ ሰክተው ይነሳሉ። ይህ የድሮ አስተማሪዎች መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ዓይን በማየት ነው የሚማረው የሚል እምነት አላቸው፣ እኔም ዛሬ ጥቅሙን አያለሁ። ሆኖም ጃፓንኛው ገና ያልገባው ሰው መጀመሪያ ላይ ግራ ይጋባል፣ ተስፋ ቆርጠው የቀሩ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። ጠይቁ። ሲጠየቁ ይመልሳሉ፣ በደስታም ነው የሚመልሱት፤ ካልተጠየቁ ግን ዝም ነው።

ክፍያው እንዲህ ነው፦ አንድ ክፍል ከነአበባው 4,000 የን አካባቢ፣ በወር መጨረሻ በፖስታ ታሽጎ ይሰጣል። ለቶኪዮ ደህና ዋጋ ነው። የምስክር ወረቀት ግን ለብቻው ነው፣ ገንዘቡም ወደ ዋናው ቤት ይሄዳል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም ከፍ ይላል። መምህርነት ላይ ስትደርሱ ከአራተኛ ደረጃ ተነስታችሁ ወደ አንደኛ ትወጣላችሁ፣ የአበባ ስምም፣ በሙያው የምትጠሩበት ስም፣ ይሰጣችኋል። ለማስተማር ካላሰባችሁ ወረቀቱን መዝለል ትችላላችሁ፣ ሰንሰይ አያስገድዱም። ይህም ጥሩ ክፍል የምትለዩበት ሁለተኛ ምልክት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ስለ ወረቀት የሚያወራ አስተማሪ ከሆነ ተጠንቀቁ።

እኔ ወረቀቱን የያዝኩት ለሐበሻ እናቶች ማሳየት ስለፈለግኩ ነው። አሁን አንዳንድ ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ካትሱሺካ፣ አንዷ ቤት ቡና ሲፈላ፣ ጠረጴዛው ላይ ኬንዛን እናስቀምጣለን። የማስተምረው በአበባ አልጀምርም። አንድ ቅርንጫፍ እሰጥና ፊቱን ፈልጊ እላለሁ፣ ሌላ ምንም። አንዲት እትዬ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቤታቸውን በቄጤማ ሲያስውቡ የኖሩ፣ ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ አዙረው “ይሄ ነው ፊቱ፣ ፀሐይ የመታው ይሄ ነው” አሉኝ። ማንም አልነገራቸውም። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የሚቸግረው መቁረጡ ነው፣ እሱ ላይ አሁንም እንከራከራለን። “ይህን የመሰለ አበባ እንዴት ይጣላል?” ይሉኛል። ስለዚህ የተቆረጠውን በሌላ ትንሽ ብርጭቆ እናስቀምጠዋለን፣ ማንም አይከፋም።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ፣ ኬንዛን ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጡ፣ ሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይዝም፣ ክብደቱን ግን አስቡበት። ቅርንጫፍና አበባ ከአገር ሞልቷል። መስከረም ላይ አደይ፣ ከወይራ ቅርንጫፍ ጋር፤ አደይ ቶሎ ስለሚጠወልግ ጠዋት ቁረጡትና ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቱት። ቀጥ ያለ ቄጤማም መስመር ለመሥራት ደስ ይላል። የቼሪ አበባ የለንም ብላችሁ ፕላስቲክ አትግዙ። ኢኬባና ደጃችሁ ላይ ዛሬ ካለው ነገር ነው የሚነሳው።

ለማን አይሆንም? ቶሎ ለምስል የሚሆን ነገር ለሚፈልግ አይሆንም። ብዙ አበባ ካላየ ደስ ለማይለው ሰውም አይሆንም፤ አንድ ክፍል ላይ የሚደርሳችሁ ሁለት ቅርንጫፍና ሦስት አበባ ሊሆን ይችላል። እጁ ሥራ ለለመደ፣ ዝምታ ለማያስጨንቀው፣ ወሩን በአበባ መቁጠር ለሚወድ ሰው ግን ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

እንዲህ ዓይነት ክፍል ስትፈልጉ የሰፈር አበባ ቤት ጠይቁ፣ የትኛው አስተማሪ ምን እንደሚያዝ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለሙከራ ክፍል ቢያንስ ሳምንት አስቀድማችሁ ደውሉ። ፎጣና ያረጀ ጋዜጣ ያዙ። ስትመለሱ ቅርንጫፉን ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊትም ባቡር ግቡ፤ ባቡሩ ከሞላ ሁሉም ይሰበራል። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ መጀመር ይሻላል፣ ቅርንጫፍ ባዶ ሆኖ መስመሩ በደንብ የሚታየው ያኔ ነው። ለዘመን መለወጫው የጥድ ክፍል ከፈለጋችሁ ደግሞ ኖቬምበር ላይ ተመዝገቡ፤ ጥዱን በዲሴምበር 31 በጥድፊያ ማቆም እዚህ አይወደድም፣ ስለዚህ ያ ክፍል ቀደም ብሎ ነው የሚሞላው።